«ፎርማት አድርገው» ያልኩት እኔ ነኝ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ምንዛሪም ስለ ነዳጅም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ስለ አንድ የእድር ድንኳን ነው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ተወልጄ ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሰፈራችንን ለማታውቁት፣ 6 ኪሎ ላይ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ የሚጣራው ታክሲ የሚያወርዳችሁ ቦታ ነን። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ማታ የባህር ዛፍ ጭስ ይሸታል። የሰፈሩ ስም የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን እዚህ መሬት ከተሰጠው የፈረንሳይ ሌጋሲዮን ነው። ሌጋሲዮን ማለት ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤት ነው። ግቢው ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። እኛ ግን እስከ ዛሬ «ለጋሲዮን» እንላለን፤ ሰምቶ ግራ የሚገባው ሰውም የለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ1993 ዓ.ም. ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ከፈትኩ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የምታረጅ ፎቶኮፒ ማሽን። የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ጥሪ፣ ሁሉንም እጽፍ ነበር። የሰፈራችንን እድር ቃለ ጉባኤም በነፃ እጽፍላቸዋለሁ። ጸሐፊው በእጃቸው የጻፉትን ደብተር ያመጣሉ፤ እኔ ተይቤ አትማለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ፈርመው ማኅተም ያደርጉበታል፤ ክላሰር ውስጥ ይገባል። አንድ ቅጂ እኔ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። የሰፈሩ መዝገብ ቤት ሆኜ እንደነበር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ሱቁን ከዘጋሁ ቆየሁ። ኮምፒውተሩን ግን አልጣልኩትም። ዊንዶውስ ኤክስፒ እንደተጫነበት፣ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ባለፈው ጥቅምት ወር ዋናው ላፕቶፔ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ጊዜው አበቃ። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ላፕቶፔ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የደህንነት ቺፕ የለውም። ያገለገለ ግን ሻል ያለ ላፕቶፕ ገዛሁና የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ሁሉንም ሲያዘዋውርልኝ ዋለ። ማታ ላይ ጥግ ያለውን አሮጌ ዴስክቶፕ አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄኛውስ ምን ይሁን?» አለኝ።

«ዶክመንቶቹን ፍላሽ ላይ ገልብጥና ፎርማት አድርገው። ሊኑክስ ጫንበት፣ ልጆቹ ይማሩበት።»

«ፕሮግራሞቹ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር የለም?»

«ምን ፕሮግራም አለው ብለህ ነው! የአሮጌ አሮጌ ነው።»

ልጁ ጠይቆኛል። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም በኋላ ጥፋተኛ ስፈልግ ያገኘሁት ራሴን ብቻ ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን በጠዋት በሬ ተንኳኳ። አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እማማ ልበላቸው። ከ20 ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩት ታናሽ እህታቸው ሌሊቱን አርፈዋል። እማማ አላለቀሱም። ቆመው፣

«ልጄ፣ እድሩ ድንኳን አልሰጥም አለ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእድሩ ደንብ ድንኳንና ገንዘብ የሚሰጠው የአባሉ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ሲሞት ነው። እህትና ወንድም የለበትም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ከአባሉ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር እህት ወይም ወንድም ቢመዘገብ እንደ ቤተሰብ ይቆጠር ብሎ ወስኗል። እማማ ያንጊዜ እህታቸውን አስመዝግበዋል። ሽማግሌዎቹ ያስታውሳሉ፣ እኔም አስታውሳለሁ። ክላሰሩ ግን የለም። የእድሩ ቤት ሲፈርስ ወረቀቱ ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ በረንዳ ላይ ሰንብቶ፣ አንድ ክረምት ዝናብ መትቶት ነበር።

ሊቀመንበሩን አትፍረዱበት። ልጅ እግርና ጨዋ ሰው ነው፤ ወደ ሰፈሩ የመጣው ቅርብ ጊዜ ነው። ቀደም ሲል በቃል ምስክር ብቻ ገንዘብ ተከፍሎ ጠብ ስለተነሳ «ያለ ጽሑፍ ማስረጃ አይከፈል» ብሎ ጉባኤው ራሱ ወስኖበታል። «ቃለ ጉባኤውን አምጡና አሁኑኑ ጥሩንባ ይነፋል» ነው ያለው።

«አንተ ነህ የጻፍከው» አሉኝ እማማ። «ትዝ ይለኛል፣ ስትጽፍ ሻይ ይዤልህ መጥቻለሁ።»

«አለኝ፣ እማማ። አይጨነቁ። አሁን አትሜ አመጣልዎታለሁ።»

ፍላሹን ሰካሁ። ፋይሉ አለ፤ ስሙ አለ፤ ቀኑ አለ። ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አንዳንዱ ላይ ኮፍያ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ነጥብ፣ መሀል መሀሉን የፓውንድና የዶላር ምልክት ተዘርቶበታል። ሌላ ፋይል ከፈትኩ፣ ያው ነው። ከመቶ በላይ ፋይል አለ፣ አንዱም አይነበብም። ቀብሩ በ9 ሰዓት ነው። እስከ 8 ሰዓት ሞከርኩ። ከዚያ ባዶ እጄን ሄድኩ።

የእማማ እህት ያለ እድር ተቀበሩ። ጎረቤት ሸራ ወጠረ፣ አግዳሚ ተዋሰ። ሰው አልጠፋም፣ እንባም አልጠፋም። ጥሩንባው ግን አልተነፋም። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እማማ የተጎዱት በገንዘቡ አይደለም። 20 ዓመት አብራቸው የኖረች እህት በመጨረሻዋ ቀን «ቤተሰብ አይደለችም» መባሏ ነው።

አሁን ምን እንደተፈጠረ ላስረዳ፤ ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ፈንጂ እንዳለ እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው።

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር በአንድ ፎንት ውስጥ ሊይዝ የሚችለው 256 ምልክት ብቻ ነበር። ከነዚያም የመጀመሪያዎቹ 32 ቦታዎች ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው፤ 224 ይቀራል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ገና ሏ፣ ሟ፣ ቧ ሳይጨመሩ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ ሳይጨመሩ ሞልቶ ፈሷል። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪዎቻችን ዘዴ ፈጠሩ። ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል እየጻፍክ ነው ይሉታል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ይሥላል። አልበቃ ሲል ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ያከፋፍሉታል፣ ወይም ቅጥያውን ለብቻ ሥለው ከፊደሉ ጋር ያገጣጥሙታል።

ይህን ስል ልወቅሳቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ ማንም ትልቅ ኩባንያ ለእኛ ፊደል ግድ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የመጡት እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝም አገሪቱን ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩ ናቸው። ቀደም ባለው ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩ በታይፕራይተር ላይ ከዚሁ ከቦታ ጥበት ጋር ታግለዋል። ፊደሉ ይቀነስ እያሉ የሚከራከሩም ነበሩ። ሳይቀነስ የቀረው እንደዚህ ዓይነት ዘዴ የሚፈጥሩ ሰዎች ስለነበሩን ጭምር ነው።

ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ፎንቱ ከሌለ ደግሞ ፋይሉ ልብሱ እንደወለቀ ሰው ነው፤ ከሥር ያለው ላቲን ብቻ ይታያል። እኔ ጽሑፉን ገልብጬ ማንበቢያውን በገዛ ትእዛዜ አጠፋሁት።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ ቦታ ሰጠ። ለዚህ ሥራ ከደከሙት መካከል ዳንኤል ያዕቆብ አንዱ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ማሽን ቁጥሩ 4608 ነው፤ «ለ» 4616 ነው። በመሀላቸው ስምንት ቦታ ያለው ለሰባቱ ሆሄያት ስምንተኛ ጎረቤት ታስቦ ነው፤ ለምሳሌ ከ«ሎ» ቀጥሎ «ሏ» ትቀመጣለች። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010ና በ2021 ለጉራጊኛ፣ ለጉሙዝ፣ ለባስኬቶና ለሌሎችም የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ ያለ ምንም ጭነት የምታነቡት በዚህ ምክንያት ነው።

እኔም ዩኒኮድ ሲመጣ ገባሁበት። አዲሱን ሁሉ በእሱ መጻፍ ጀመርኩ። አሮጌውንስ? «አንድ ቀን እቀይረዋለሁ» አልኩ። ከአስር ዓመት በላይ «አንድ ቀን» እያልኩ ቆየሁ። ያ ቀን የመጣው አስከሬን ቤት ውስጥ ተኝቶ ሳለ ነው።

ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። የፕሮግራሙ ሲዲ ከሱቁ ዕቃ ጋር ድሮ ጠፍቷል። የምታውቁኝ ሁሉ «ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም» አላችሁኝ፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ፎንት አገኘሁ፣ ግን ሌላ እትም ስለሆነ ግማሹን ፊደል አሳስቶ ያነባል። «እድር» ያለው ቦታ ትርጉም የሌለው ቃል ይመጣል። የተሳሳተ ንባብ ከማይነበበው ይብሳል፤ ሰው ያምነዋላ።

በመጨረሻ 4 ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ያለው የድሮ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ማተሚያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተር አይጥሉም። ደንበኛ መጥቶ «በ1998 ያሳተምኩትን መጽሐፍ ድገምልኝ» ቢል በፔጅሜከር የተሠራውን ፋይል የሚከፍትለት ያ አሮጌ ማሽን ብቻ ነው። ፔጅሜከር ደግሞ የመጨረሻው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ጓደኛዬ ከጀርባ ክፍል ወሰደኝ። ኤክስፒ የተጫነበት፣ አቧራ የለበሰ፣ ኢንተርኔት ነክቶት የማያውቅ ኮምፒውተር።

«ይሄ ማሽን ጡረታ የማይወጣ ሠራተኛዬ ነው» አለኝ እየሳቀ።

ፎንቶቹ ውስጥ ነበሩ። ፍላሽ ላይ ገለበጥኳቸው። ሁሉም ተደምረው አንድ የስልክ ፎቶ አያክሉም። የሰፈሬ የ15 ዓመት ትዝታ የተቆለፈበት ቁልፍ ይህችን ታክል ነበር።

ልጁና እኔ ፎንቶቹን ፎርማት በተደረገው ዴስክቶፕ ላይ፣ ሊኑክሱ ውስጥ ጫንናቸው። ሊብሬኦፊስ የድሮውን የወርድ ፋይል ከፈተው፤ ፊደሉ ወጣ። «ቃለ ጉባኤ» የሚለውን ሳነብ ጮህኩ። ነገር ግን ደስታዬ አንድ አንቀጽ አልቆየም። ውሳኔው ላይ ስደርስ እህት ወይም ወንድም «ቢያንስ ለ» ብሎ አንድ እንግዳ ምልክት መጣ፣ ከዚያ «ዓመት አብሮ የኖረ» ይላል። ቀኑም፣ የገንዘቡ መጠንም፣ የተመዝጋቢዎቹ ተራ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ያ ፕሮግራም ቁጥሮችን በሌላ ፎንት ነበር የሚያስቀምጠው፤ እኔ ደግሞ እሱን ሳልገለብጥ መጥቻለሁ። ውሳኔው አለ፣ ልኩ የለም። ያለ ቁጥር ደግሞ እድር ምንም አይከፍልም። እንደገና 4 ኪሎ።

ቁጥሩ 3 ነበር። ቢያንስ ለ3 ዓመት አብሮ የኖረ። የእማማ እህት ስም ዝርዝሩ ላይ አለ።

ማስረጃው ሲገኝ ታኅሣሥ እየተገባደደ ነበር። ቃለ ጉባኤውን አትሜ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጋሼ፣ አሁን ምን ይደረጋል? ቀብር አይደገምም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ወሰኑ። በአርባው ቀን የእድሩ ድንኳን በእማማ ደጅ ተተከለ። ጥሩንባ ነፊው በጠዋት ሰፈሩን ዞረ። ሊቀመንበሩ ድንኳኑ ውስጥ በአባላቱ ፊት ቆሞ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አላቸው። እማማ ያን ቀን ገና አለቀሱ። እኔን ምንም አላሉኝም። ሲያልፉ ሻይ እንዲሰጡኝ ለልጆቹ ምልክት አደረጉ። ሻዩን መጠጣት አቅቶኝ ይዤው ተቀመጥኩ።

ወዳጆቼ፣ የዚህን ታሪክ ትርጉም ከእድራችን አጥር አውጥታችሁ ተመልከቱት።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ በኮምፒውተር የተጻፈውን አማርኛ አስቡት። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን የፈሉ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ የቀበሌ መዝገቦች፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች፣ ታትመው ያልወጡ ልብ ወለዶች፣ የአባቶቻችን ማስታወሻዎች። ታትሞ ወመዘክር የገባው ወረቀቱ አለ። ያልታተመው ግን በየሰዉ መሳቢያ ውስጥ፣ በየፍሎፒው፣ በየሲዲው፣ የማይነበብ ላቲን ሆኖ ተቀምጧል። ቁልፉ ደግሞ ማንም ሳያስታውሰው አንድ ቴክኒሻን «ፎርማት ላድርገው?» ባለ ቁጥር እየጠፋ ነው።

የአባ ገሪማ ወንጌል በሳይንሳዊ ምርመራ ዕድሜው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ገልጦ ያነበዋል፤ ብርሃንና ዓይን ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡም ማንበቢያው ያው ብርሃንና ሌንስ ነው። የእኔን የ1996 ፋይል ለማንበብ ግን ሁለት ጊዜ 4 ኪሎ መመላለስ ነበረብኝ። ይህ የድህነታችን ነገር ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1086 የተጻፈውን ታላቁን የመሬት መዝገባቸውን 900ኛ ዓመት ለማክበር በ1986 አዲስ ዲጂታል መዝገብ በሌዘር ዲስክ አዘጋጁ። 15 ዓመት ገደማ ቆይቶ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ብርቅ ሆነና ባለሙያዎች ተሰማርተው ነው ያተረፉት። የ1086ቱ ግን እንደ ልብ ይነበብ ነበር።

«እንግዲያውስ ከአሮጌው አንነቀል» የሚል ይኖራል። ብዙ መሥሪያ ቤት በተግባር እንደዚህ ነው። ሂሳብ ክፍሎቻችን ዛሬም ስለ ፒችትሪ ያወራሉ፤ በፈረንጅ አገር ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ቆሞ መቅረትም ዋጋ አለው። ለኤክስፒ ድጋፍ የቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ መከላከያው ያልተጫነባቸውን ማሽኖች ነው የለቀማቸው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰዋል። አሮጌ ሥርዓትን ኢንተርኔት ላይ ሰክቶ መቀመጥ በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው።

«ሁሉም ወደ ሊኑክስ ይግባ» የሚሉኝ ወጣቶችም አሉ። ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፣ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ እኔንም ያዳነኝ እሱ ላይ የተጫነው ሊብሬኦፊስ ነው። ወይን የሚባለውም ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ሶፍትዌሮችን ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። ነገር ግን መተዳደሪያው አንድ የተወሰነ የሂሳብ ፕሮግራም ለሆነ ሰው «ሥርዓትህን ቀይር» ማለት «ሥራህን ቀይር» ማለት ሊሆንበት ይችላል። ዊንዶውስ ራሱም ቢሆን የድሮውን ሁሉ አይሸከምም። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው ባለ 64 ቢት ብቻ ሆኖ ስለሆነ ለድሮው ባለ 16 ቢት ዘመን የተሠራ ፕሮግራም በቀጥታ አይነሳበትም።

እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ እንዲህ ነው፦ ተሻገሩ፣ ግን ቁልፋችሁን ይዛችሁ ተሻገሩ። ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

አንደኛ፣ ፋይሉን ብቻ አትገልብጡ። ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚባል ፎልደር አለ፤ እሱን ሙሉውን ገልብጡት። የትኛው ያስፈልጋል ብላችሁ አትምረጡ። እኔ መርጬ ቁጥሩን ጥዬ መጥቻለሁ።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ማሽን ገና እየሠራ ሳለ ዋና ዋና ሰነዶችን ፒዲኤፍ አድርጉ። መልኩ ይተርፋል። ግን እዚያ አትቁሙ፤ ከሥሩ ያለው ያው ላቲን ስለሆነ ፍለጋም ቅጂም አይሠራበትም።

ሦስተኛ፣ ወደ ዩኒኮድ አዙሩ። ልጁ ለእያንዳንዱ አሮጌ ምልክት እውነተኛውን ፊደል የሚተካ አጭር ፕሮግራም ጽፎ ሁሉንም ቀየረልን። ቀይራችሁ ስታበቁ በዓይናችሁ አንብቡ፤ በተለይ ቁጥርን፣ ስምን፣ እነ «ሏ»ንና «ቧ»ን።

አራተኛ፣ አሮጌው ፕሮግራም የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ማሽኑን እንደ ጓደኛዬ ከኢንተርኔት ነቅላችሁ አቆዩት፤ ወይም ባለሙያ አስጠርታችሁ ሙሉውን በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ቨርቹዋል ማሽን አስቀምጡት።

አምስተኛ፣ ለእድር፣ ለማኅበር፣ ለቤተሰብ ውርስ የሚሆን ወረቀት አትሙ። ሁለት ቤት ይቀመጥ።

ለባለሥልጣኖቻችንም አንድ ቃል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ብለን ብዙ ሥራ ወደ ኮምፒውተር አስገብተናል፤ መልካም ነው፣ እኔም ወረፋ ቀንሶልኛል። ግን አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ሲገዛ ጨረታው ላይ አንድ ጥያቄ ይግባ፦ «ከአስር ዓመት በኋላ ይህን ሲስተም ስንተወው መረጃችንን ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው መልክ ትሰጡናላችሁ ወይ?» የመግቢያውን ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሚገባ ሰው መውጫውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በእኔ ስንፍና የከፈሉት እማማ ናቸው። ቤተ መዛግብታችንም እነዚያን አሮጌ ፎንቶች እንደ ቅርስ ሰብስቦ፣ ከነአቀማመጣቸው ሰንጠረዥ ለሕዝብ ቢያስቀምጥ ብዙ ቤት የተዘጋ ይከፈታል። ወጪው ከአንድ ወርክሾፕ አበል አይበልጥም።

አሁን ወደ ለጋሲዮን ልመለስ። ሰፈራችን ብዙ ተለውጧል። መሥሪያ ቤቱ ማዕረጉን ቀይሯል፣ ቀበሌው ወረዳ ሆኗል፣ የቤት ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ጭቃ ቤቱ ፎቅ እየሆነ ነው። ግን አንድ ከ30 ዓመት በፊት የሄደ ሰው ከውጭ ተመልሶ 6 ኪሎ ላይ ቆሞ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ቢል ታክሲው ያደርሰዋል። ማንም «ይሄ ስም ጊዜው አልፎበታል» አይለውም። አዲሱ ከተማ የድሮውን ስም መስማት ስላልተወ ሰውዬው ቤቱን ያገኛል። ከኮምፒውተሮቻችንም የምፈልገው ከዚህ አይበልጥም።

የጠየቅኳችሁ ነገር ይኸውና። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ፍላሽ፣ ሲዲ ወይም ዴስክቶፕ አውጡና በ1990ዎቹ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ፋይል ክፈቱ። ከተነበበ እግዚአብሔር ይመስገን። ካልተነበበ፣ ፎንቱ ያለው ሰው ገና በሕይወት ሳለ ፈልጉት። የእድር ጸሐፊ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ያጋጠማችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ እኔና ልጁ የምንችለውን እናግዛለን።

ደህና እደሩ።